የኋላ ጎማ በግማሽ ሰዓት? ስለ ሻፍት ሞተር ሳይክል ለተጻፈ መመሪያ የተሰጠ ምላሽ

የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል የሚነዱ አማርኛ አንባቢዎች ሰሞኑን የሚቀባበሉት አንድ መመሪያ አለ። ጸሐፊው የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ በካቴና ሳይሆን በሻፍት፣ ማለትም በሚዞር ዘንግ፣ የሚያደርሰውን ያማሃ ኤፍ ጄ አር 1300ን በምሳሌነት ወስደው፣ የኋላ ጎማ ለመቀየር ረጅም ቺያቤ፣ መዶሻና ሁለት ካቻቪቴ ይበቃል፣ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም ይላሉ። ሻፍት ጥገና አይፈልግም፣ ዳዶ በእጅ ስሜት ይታሰራል፣ የጎማው ቁጥር ትንሽ ቢለያይ ችግር የለውም የሚሉ ምክሮችንም አክለዋል።

በአንድ ነገር እንስማማለን። ጎማውን ራስ መፍታት ይቻላል፣ ይመከራልም። ብዙ ጋራዥ ተፈትቶ ለመጣለት ጎማ የሚጠይቀው ዋጋ ሞተሩ ሙሉውን ሲመጣ ከሚጠይቀው ያንሳል። ከገንዘቡ በላይ ግን ባለቤቱ ጎማው ከወጣ በኋላ የሚገለጠውን ነገር በዓይኑ ማየቱ ይጠቅመዋል። የማንስማማው በአሠራሩ ነው። ነጥቦቹን ጸሐፊው ባስቀመጡበት ቅደም ተከተል እያነሣን እንመልሳለን። ስለ ሻፍቱ ጥርሶች የተባለው ላይ ረዘም እንላለን፤ ትልቁ ኪሣራ የሚመጣው ከዚያ ነውና።

«ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቁሙ፤ ከዚያ የፔርኖውን ዳዶ ፍቱ።»

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ፔርኖ በጎማው መሃል የሚያልፈው ዘንግ ነው፤ ዳዶው የሚታሰረው በ125 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) ነው። ወራት ቆይቶ፣ ውሃና አቧራ ገብቶበት ሲፈታ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጉልበት ሊጠይቅ ይችላል። ነዳጅና ዘይቱን ይዞ 290 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሞተር በሁለት ቀጭን እግር ቆሞ ሳለ በረጅም ቺያቤ ሲገፋ ከመቆሚያው ይወርዳል። ስለዚህ ዳዶው የሚላላው ሁለቱም ጎማ መሬት ረግጦ፣ ሞተሩ በጎን መቆሚያው ቆሞ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ቢቻል ሌላ ሰው መሪውን ይዞ ነው። እስኪላላ ብቻ እንጂ ተፈትቶ እስኪወጣ አይደለም። ፔርኖውን ከጎን የሚጨብጠውን ትንሹን ቡሎን እስከዚህ ድረስ አትንኩት፤ እሱ እንደታሰረ ከሆነ ዳዶው ሲፈታ ፔርኖው አብሮ አይዞርም። ዳዶው ከላላ በኋላ እሱንም አላሉት።

ከዚያ በኋላ የጎን ሳጥኖቹ ይወርዱና ሞተሩ በመሃል መቆሚያው ይቆማል። ወለሉ ጠንካራና ደልዳላ ይሁን። በአስፋልት ላይ ከሆነ፣ በተለይ በሙቀት ወቅት፣ ከመቆሚያው እግሮች ሥር ወፍራም ጣውላ አስገቡ። ጣውላው ሁለት ጥቅም አለው፤ እግሮቹ አስፋልቱ ውስጥ እንዳይሰጥሙ ይከላከላል፣ ጎማው ከፓራፋንጎው ሥር የሚወጣበትን ከፍታም ይጨምራል። የፊት ፍሬኑን እጀታ ጨብጣችሁ በገመድ እሰሩት። ሌላ ጠንካራ ማሰሪያ ደግሞ ከመሃል መቆሚያው ወደ ፊት ጎማው ወጥሩ። ጎማ ሲጎተት ሞተሩ ወደ ፊት ይንቀሳቀሳል፤ ያ ማሰሪያ ከሌለ መቆሚያው ይታጠፋል። መመሪያው ስለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አለማንሣቱ ያሳስባል። ሰው ሊጎዳ የሚችለው ጎማው ሲወጣ ሳይሆን ሞተሩ ሲወድቅ ነው።

«ካሊፐሩን ፍቱና ወደ ጎን ተዉት።»

ወደ ጎን የተተወ ካሊፐር፣ ማለትም የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል፣ በፍሬን ቱቦው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቱቦው የተሠራው የፈሳሽ ግፊት እንዲችል ነው፣ ክብደት እንዲሸከም አይደለም፤ መጋጠሚያው ላይ ሲታጠፍ ውስጡ ይጎዳል፣ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም። በሽቦ ወይም በማሰሪያ ከሞተሩ አካል ጋር ስቀሉት። በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መካከል ውፍረቱ ከዲስኩ ጋር የሚቀራረብ እንጨት ወይም የታጠፈ ካርቶን አስገቡ፣ ጎማው እስኪመለስ ድረስም የኋላውን ፔዳል ማንም አይርገጥ። ከ2006 ሞዴል ጀምሮ ኤፍ ጄ አር ላይ የኋላው ፔዳል የፊቱን ፍሬን በከፊል አብሮ ይይዛል። ዲስክ የሌለበት ካሊፐር ከተረገጠ ፒስቶኖቹ ይወጣሉ፤ ለመመለስ ፈሳሹን ማስተንፈስ ጭምር ሊያስፈልግ ይችላል። የኤ ቢ ኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ዳሳሹንና ሽቦውንም ጎማው ከመንቀሳቀሱ በፊት ከመንገድ አውጡ፤ ዳሳሹ አጠገብ ማግኔት ያለው መሣሪያ አታስቀምጡ።

«ፔርኖው እምቢ ካለ በመዶሻ ምቱት።»

አብዛኛውን ጊዜ ፔርኖው የማይወጣው ዝጎ ሳይሆን የጎማው ክብደት ተጭኖት ነው። ከጎማው ሥር ጣውላ ወይም ረጅም ሌቫ አስገብታችሁ በትንሹ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ፔርኖውን በእጅ ስባችሁ ሞክሩ። ክብደቱ ልክ ሲነሣለት በራሱ ይንሸራተታል። ማንኳኳት ካስፈለገ በፕላስቲክ ወይም በጎማ መዶሻ፣ ዳዶውም እስከ ፔርኖው ጫፍ ተመልሶ ገብቶ ይሁን። በብረት መዶሻ ባዶውን የተመታ ፔርኖ ጫፉ ይሰፋል፣ የዳዶ ጥርሱ ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ዳዶው በተባለው መጠን መታሰሩን የማጥበቂያ ጉልበት የሚለካው ቶርክ ሬንችም በትክክል አይነግራችሁም።

ፔርኖው ሲወጣ በዲስኩ በኩል ያለው ቀለበት ይወድቃል። የትኛው ጎኑ ወደ ውስጥ እንደነበረ ከማውጣታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ፣ የሚወጣውን ሁሉ በወጣበት ተራ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደርድሩ።

ጸሐፊው ቀጥለው «ጎማውን ወደ ኋላ ሳቡት» ይላሉ። ይህ የካቴና ሞተር አሠራር ነው። በኤፍ ጄ አር ሻፍቱና የኋላው ማርሽ ሳጥን በግራ ናቸው፤ ጎማው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተገፍቶ ከጥርሶቹ መላቀቅ አለበት፤ ከዚያ ነው ወደ ታችና ወደ ኋላ የሚወጣው። ሳይላቀቅ ወደ ኋላ ከተጎተተ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይጣመማሉ። የታርጋ ማቀፊያው ወይም የፓራፋንጎው ጫፍ መንገድ ከዘጋም ፍቱት፤ አዲሱ ጎማ ካለቀው ስለሚበልጥ አሮጌው በጭንቅ ከወጣ አዲሱ ጨርሶ አይገባም። በጽሑፉ መጨረሻ ግራና ቀኝ ያሉትን የማስተካከያ ምልክቶች እኩል አድርጉ የተባለውም እንዲሁ የካቴና ሞተር ምክር ነው። ኤፍ ጄ አር የካቴና መወጠሪያ የለውም።

«ሻፍት ስለሆነ ጥገና አያስፈልገውም።»

ምላሽ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ማርሽ ሳጥኑን ከጎማው የሚያገናኙት ጥርሶች ናቸው። ግማሾቹ ከሳጥኑ ይወጣሉ፣ ግማሾቹ በጎማው መሃል ባለው ክፍል ውስጥ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ አብረው ይዞራሉ። የሳጥኑ ዘይት 0.2 ሊትር ያህል ሲሆን ለውስጥ ማርሾቹ ነው፤ የዘይት መያዣው ጎማ ዘግቶት ስለሚቀር ወደ እነዚህ ጥርሶች አይደርስም። ያላቸው ቅባት ሰው የቀባቸው ብቻ ነው። ነዳጅ በተሰጠና በተለቀቀ ቁጥር፣ ጎማውን የያዘው የኋላው ክንድ ጉድጓድ ላይ በተንቀሳቀሰ ቁጥር፣ ጥርሶቹ በዓይን በማይታይ መጠን ይፋተጋሉ። ቅባቱ ሲያልቅ ብረት በብረት ይፈጫል፣ ውሃ ሲገባበት ደግሞ ይብሳል።

ጎማውን ስታወጡ መጀመሪያ የምታዩት ቀለሙን ነው። ጥቁር ግራጫ ቅባት ካለበት ደህና ነው። የዝገት መልክ ያለው ቀላ ያለ ደረቅ ዱቄት ከተራገፈ ጥርሱ እየተበላ ነው። ቀጥሎ በጨርቅ ጥረጉና የጥርሶቹን ጫፍ ተመልከቱ። ጤነኛ ጥርስ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ሁለቱ ጎኖቹም እኩል ናቸው። የተበላ ጥርስ ጫፉ ይሾላል፣ ወደ አንድ ወገንም ያዘነበለ ይመስላል፤ ጎኑ ላይ ጥፍር ብታሳልፉ እርከን ይይዛችኋል። እዚህ ደረጃ ከደረሰ ግሪስ አያድነውም። ሁለቱም ክፍል አብሮ ነው የሚቀየረው፤ አዲስ ጥርስ ከተበላ ጥርስ ጋር ከተገናኘ እሱም ቶሎ ይበላል። ችላ ተብሎ የተነዳ ሞተር አንድ ቀን ማርሽ ገብቶ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ጎማው ግን ሳይዞር ይቆማል። ያ የሚሆነው ደግሞ ከቤት ደጃፍ ሳይሆን በጭነት በሚኬድበት ረጅም ጎዳና ላይ ነው።

አቀባቡ እንዲህ ነው። አሮጌውን ቅባት በጨርቅ አንሡ፣ ቀሪውን በነጭ ጋዝ በተነከረ የናይለን ብሩሽ አጽዱ። ጋዙን አትርጩ፤ ወደ ዘይት መያዣውና ወደ ኩሽኔታው ይገባል። ካደረቃችሁ በኋላ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለበት ግሪስ ተጠቀሙ፤ ያማሃ የሚያዘው ይህንኑ ነው። ሆንዳ ለተመሳሳይ ጥርሶች ሞሊብዲነሙ ከ40 በመቶ በላይ የሆነ ወፍራም ቅባት ያዛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተራ ግሪስ በጥርሶቹ መካከል ሲጨመቅ ወደ ጎን ይወጣል፣ ሞሊብዲነሙ ግን ብረቱ ላይ ተለጥፎ እንደ ቀጭን ንጣፍ ይቀራል። በትንሽ ብሩሽ የእያንዳንዱን ጥርስ ሁለት ጎን ቀቡ፤ ብረቱ ሁሉ ጥቁር ግራጫ እስኪሆን ይበቃል፣ ክምር አያስፈልግም። የተረፈው በዙሩ ኃይል ወደ ቸርኬው ይረጭና ከሳምንት በኋላ የማርሽ ዘይት የፈሰሰ ይመስላችኋል። ይህን ቅባት ኩሽኔታ ውስጥ አታስገቡ። እጃችሁንም ሳትታጠቡ ዲስኩን አትንኩ።

እግረ መንገዳችሁን ጣታችሁን በኩሽኔታው ውስጠኛ ቀለበት አስገብታችሁ አዙሩ። አሸዋ የገባበት ያህል ካንገራገጨ ወይም ወደ ጎን ከተነቃነቀ ጎማው ከመመለሱ በፊት ይቀየር። በጎማው መሃል ያሉት ድንጋጤ የሚውጡ ጎማዎች ደርቀው መሰንጠቃቸውንም ተመልከቱ። በጭነት የሚሄድ ሞተር የኋላ ጎማው በ10,000 እና በ15,000 ኪሎ ሜትር መካከል ያልቃል፤ እነዚህ ሁሉ ክፍሎች የሚታዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓት የሚለው ሒሳብ ይህን ሥራ ጨርሶ አላስገባም።

«ጎማውን ከቸርኬው ለማውጣት ሁለት ካቻቪቴ ይበቃል።»

አይበቃም፣ መሞከርም የለበትም። የካቻቪቴ ጫፍ የአሉሚኒየሙን ቸርኬ ይቧጭራል፤ ይህ ጎማ ካላማዳሪ ስለሌለው አየሩን የሚይዘው የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ጋር ሲጣበቅ ነው፣ በጭረቱ በኩል አየር ይወጣል። የጎማውንም ጠርዝ ውስጡ ያለውን ሽቦ እስኪያገኝ ሊቀድደው ይችላል።

የእኛ ምክር ግልጽ ነው፤ ጎማውን ከሞተሩ ራሳችሁ ፍቱ፣ ከቸርኬው ግን ማሽን ያለው ጎሚስታ ያውጣላችሁ። ወርዱ 180 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ጎኑ ግትር ነው። ጎሚስታ በሌለበት በእጅ መሥራት ግድ ከሆነ ሦስት ጫፋቸው የደነዘዘ የጎማ ሌቫዎችና የቸርኬ መሸፈኛ ፕላስቲክ ያዙ። አየሩን አውጡ፣ የቫልቩን ልብ ንቀሉ፣ ጠርዙን በሁለቱም በኩል ከቸርኬው አላቁ። ከዚያ በኋላ ጉልበት ሳይሆን ቦታ ነው የሚሠራው። ቸርኬው መሃሉ ጎድጓዳ ነው፤ ሌቫው ካለበት ተቃራኒ ያለው የጎማ ጠርዝ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ መውረድ አለበት። በጉልበታችሁ ተጭናችሁ እዚያ ካልያዛችሁት ስድስት ሰውም አያወጣውም፤ ከያዛችሁት በአንዴ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል እየነከሳችሁ ትዞሩታላችሁ።

ጸሐፊው ለማንሸራተት የሞተር ዘይት ቀቡ ማለታቸው ሌላ ስሕተት ነው። ዘይት ጎማን ይጎዳል፣ አይደርቅምም። ዘይት የተቀባ ጎማ በኃይል ሲፈረን ወይም ሲነሣ በቸርኬው ላይ ይሽከረከራል፣ ባላንሱ ይዛባል። ለዚሁ የተሠራ የጎማ ቅባት፣ ከጠፋም በውሃ የቀጠነ ሳሙና በልኩ ተጠቀሙ።

ከመግባቱ በፊት በጎኑ ያለው ቀስት ወደ ፊት በሚዞርበት አቅጣጫ መሆኑን፣ ባለቀለም ነጥብ ካለበትም ነጥቡ ከቫልቩ ትይዩ መሆኑን ተመልከቱ፤ ነጥቡ የጎማውን ቀላል ወገን ያሳያል። ቫልቩን አብራችሁ ቀይሩ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። አየር ስትሞሉ ልቡ እንደወጣ ሙሉ፤ አየሩ በብዛት ስለሚገባ ጠርዙ ቶሎ ይገፋል። ሁለት ጊዜ ጧ ሲል በየጎኑ ተቀምጧል። ብዙ አምራቾች በዚህ ጊዜ ከ40 ፒ ኤስ አይ አትለፉ ይላሉ፤ በጎማው ጎን ሌላ ከተጻፈ እሱን ተከተሉ። ካልተቀመጠ ግፊት አትጨምሩ፤ አየሩን አውጥታችሁ፣ ዳግም ቀብታችሁ ሞክሩ። ቤንዚን ረጭቶ በክብሪት ማስቀመጥ የሚለውን ምክር ከመመሪያው ማውጣት የጸሐፊው ግዴታ ነው ብለን እናምናለን። በመጨረሻም ከቸርኬው ዳር ያለው የጎማው ቀጭን መስመር ዙሪያውን እኩል ርቀት መያዙን በዓይን አረጋግጡ፣ ባላንስም ሳታሠሩ አትግጠሙ።

«190 ወይም የመኪና ጎማም ይሆናል።»

የኤፍ ጄ አር የኋላ ጎማ 180/55 ዜድ አር 17፣ 73 ደብሊው ነው። 73 ማለት ጎማው እስከ 365 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ ደብሊው ማለት እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ቸርኬው 5.5 ኢንች ወርድ አለው፤ 190 ሲገባበት ጎኖቹ ይጨመቃሉ፣ ቅርጹ ወደ መሃል ይሾላል፣ በክንዱ መካከል ያለው ክፍተትም ይጠባል። የመኪና ጎማ ደግሞ ሞተር ሲያጋድል በጠርዙ ላይ ይቆማል፤ የጠርዙና የሞተር ሳይክል ቸርኬ መቀመጫ ቅርጽም አንድ አይደሉም። ጎልድ ዊንግ በሚባለው የሆንዳ ሞተር ላይ የሚገጥሙ ነጂዎች አሉ፣ የጎማ አምራቾች ግን ይከለክላሉ። ከአምራቾቹ ጋር ነን። ሲገዙ በጎኑ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞችም ማንበብ ይገባል፤ 3523 ካለ በ2023 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

«ዳዶውን በእጅ ስሜት እሰሩ።»

125 ኒውተን ሜትር ማለት በግማሽ ሜትር ቺያቤ ጫፍ ላይ 25 ኪሎ ያህል መጫን ነው። ጸሐፊው ለማጥበቅም አንድ ሜትር ቧንቧ ቀጥሉ ይላሉ፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያ ላይ ቢንጠለጠል 590 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ከሚፈለገው አምስት እጥፍ ሊቀርብ ትንሽ ነው የቀረው። እንዲህ የታሰረ ፔርኖ ጥርሱ ይለጠጣል፣ በኩሽኔታዎቹ መካከል ያለው ቀለበትም ይጨመቃል። ሞተር ከሞተርም ይለያያል፤ የቢ ኤም ደብሊው አር 1200 ጂ ኤስ አምስት የጎማ ቡሎኖች በየአንዳንዳቸው 60፣ የ2001 እስከ 2017 ጎልድ ዊንግ አምስት ዳዶዎች 108 ኒውተን ሜትር ናቸው፣ ሁለቱም በመስቀል ተራ ይታሰራሉ። እጅ ይህን ልዩነት አይለይም። ቶርክ ሬንች ከጎማው እጅግ ያነሰ ዋጋ ያወጣል፣ መዋስም ይቻላል።

ሲመለስ ጎማውን ወደ ግራ እየገፋችሁ በእጅ ጥቂት አዙሩት፤ ጥርሶቹ ሲገጣጠሙ በራሱ ይገባል። ክፍተት ከቀረ አውጥታችሁ ድገሙ። ዳዶውን በማጥበቅ ጥርሶቹን አስገድዶ ማስገባት ያንኑ የቀባችሁትን ጥርስ መስበር ነው። ፔርኖውን በስሱ ግሪስ ቀቡት፣ የዳዶው ጥርስ ግን ደረቅና ንጹሕ ይሁን፤ የተቀባ ጥርስ ሬንቹ ተመሳሳይ ቁጥር እያሳየ በጣም ይጠብቃል። መጀመሪያ የፔርኖው ዳዶ በመጠኑ ይታሰራል፣ ጨባጩ ቡሎን በኋላ። ጨባጩ ቀድሞ ከታሰረ ፔርኖው ወደ ቦታው መንሸራተት አይችልም፣ ክንዱም ተጣሞ ይቀራል።

«ገጥማችሁ መንገድ ውጡ፤ ችግር ካለ ይታወቃችኋል።»

ከመንገድ በፊት የሚታወቅ ብዙ ነገር አለ። ሞተሩ ገና በመሃል መቆሚያው ሳለ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ እርገጡ፤ የመጀመሪያው ሁለት ሦስቴ ባዶ ይሄዳል፣ ይህን ሳያደርግ የወጣ ሰው መጀመሪያ ፍሬን ሲፈልግ አያገኘውም። ጎማውን በእጅ አዙሩ፤ ዲስኩ በስሱ ሊነካ ይችላል፣ የሚያዝበት ቦታ ግን መኖር የለበትም። ከላይና ከታች ይዛችሁ አወዛውዙት። ሲነዳ የኤ ቢ ኤስ መብራት ካልጠፋ ዳሳሹ በቦታው አልተመለሰም።

ጸሐፊው ለአየር ግፊቱ የመኪናውን 32 ፒ ኤስ አይ ወስደዋል። የዚህ ሞተር የኋላ ጎማ 42 ፒ ኤስ አይ ነው፣ በቀዝቃዛው ሲለካ። በ32 የሚሄድ ጎማ በሁለት ሰውና በሻንጣ ጎኑ ይታጠፋል፣ ይግላል፣ ከውስጥ ይላጣል።

አዲስ ጎማ የመጀመሪያውን 160 ኪሎ ሜትር በኃይል ሳይነሣ፣ በድንገት ሳይፈረን፣ ወደ ጎን በብዛት ሳያጋድል ይነዳ። ከመውጣታችሁ በፊት ከጎማው ወደ ቸርኬው የሚሻገር አንድ መስመር በጠመኔ አስምሩ። ማታ ስትመለሱ መስመሩ ከተላቀቀ ጎማው ቸርኬው ላይ ዞሯል፤ ቅባቱ አልደረቀም ወይም በዝቷል፣ ባላንሱም እንደገና ይሠራ። በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ አየሩን ለኩ። ሁለት ፒ ኤስ አይ ወይም ከዚያ በላይ ከጎደለ ቫልቩንና ሁለቱን ጠርዞች በሳሙና ውሃ ቀብታችሁ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ፈልጉ።